የሙዚቃ መሣሪያ የንግድ ትርዒት የበዓል ባዛር አይደለም

በቡራዩ፣ በሰበታና በለገጣፎ ክራር፣ ማሲንቆና ከበሮ የሚሠሩ ወርክሾፖችን ለውጭ የንግድ ትርዒት ሳዘጋጅ በየደጃፉ የምሰማው አንድ አባባል አለ፦ «የቻልነውን ያህል ጭነን እንሂድ፤ እዚያው እንሸጠዋለን።» እባካችሁ ይህን ነገር ተዉት። ስንቱን ጎበዝ ባለሙያ ባዶ እጁን የመለሰ ስሕተት ነው።

ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ ኤግዚቢሽን ስንል በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ በመስቀል አደባባይ አካባቢ የለመድነውን እናስባለን። ሰው ተከራክሮ፣ ከፍሎ፣ በፌስታል ይዞ ይሄዳል። በካሊፎርኒያ አናሃይም አብዛኛውን ጊዜ በጥር የሚካሄደው ናም ሾው ግን ሌላ ዓለም ነው። አዘጋጁ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1901 የተመሠረተ የሙዚቃ ዕቃ ነጋዴዎች ማኅበር ነው። ወደ ዳሳችሁ የሚመጣው የሱቅ ባለቤት ወይም አከፋፋይ ለልጁ አንድ ክራር ሊገዛ አይደለም ያን ያህል መንገድ የመጣው። ከእናንተ ጋር ለዓመታት መሥራት ይችል እንደሆነ ሊያጣራ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሌላ ነው፤ ትንሹ ትእዛዝ ስንት ነው? በስንት ሳምንት ይደርሳል? ሠላሳኛው ክራር እንደ መጀመሪያው ነው? መቃኛው ቢሰበር መለዋወጫ ትልካላችሁ? ለእነዚህ መልስ የሌለው ወርክሾፕ መቶ ክራር ቢደረድር ምን ይጠቅመዋል?

የባዛሩ አስተሳሰብ ዋጋንም ያበላሻል። ለሱቅ በ100 ዶላር የምትሰጡት ክራር በሱቁ መደርደሪያ ላይ ወደ 200 ዶላር ቢጠጋ አይግረማችሁ፤ ሱቁ ኪራይና ደመወዝ ይከፍላል። የማውቀው አንድ ወርክሾፕ ጭነቱን ላለመመለስ ሲል ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ በጅምላ ዋጋ መሸጥ ጀመረ። ጠዋት ሃያ ክራር ለማዘዝ ተነጋግሮ የነበረ ነጋዴ ከሰዓት ሲመለስ ይህን አየ። የዋጋ ዝርዝሩን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀምጦ ሄደ። ማን ይፈርድበታል? የራሱ አቅራቢ ተወዳዳሪው ሆኖ አገኘው።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዓይነት ምርጡን ናሙና፣ ትርፍ አውታር፣ እንዲሁም የጅምላውና የሱቁ ዋጋ በሁለት ዓምድ የተጻፈበት ዝርዝር ያዙ። በዝርዝሩ ላይ የጉምሩክ መደቡን ጨምሩ፤ ክራር፣ በገናና ማሲንቆ በ9202፣ ከበሮ በ9206 ሥር ይገባሉ። ገዢው ቀረጡን የሚያሰላው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

«ጠንካራ የእንጨት ሣጥን እናሠራለን» ለሚሉኝ፦ ጥንካሬው አይበቃም። ለውጭ ጭነት የሚውል ጣውላ እስከ ውስጡ ድረስ በ56 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ ሞቆ ማኅተም ሊመታበት ይገባል፤ ያለ ማኅተም የደረሰ ሣጥን ሊታገድ ይችላል። ኮምፔንሳቶ ከዚህ ደንብ ነጻ ነው። የከበሮው ቆዳ ደግሞ የእንስሳት ጤና ቁጥጥር ስለሚመለከተው ከመጫኑ በፊት የተቀባዩን አገር ደንብ ጠይቁ።

«የሙዚቃ ትርዒት ሁሉ አንድ ነው።» አይደለም። ከ1994 ጀምሮ በአውሮፓ ከተሞች የሚዘዋወረው ወሜክስ በዋናነት የሙዚቀኞች፣ የኮንሰርት አዘጋጆችና የአሳታሚዎች መገናኛ ነው፤ ክራር በጅምላ የሚገዛ ሰው እዚያ አትፈልጉ። ስሙ ገናና የነበረው የፍራንክፈርቱ ሙዚክሜሴ ደግሞ ከኮሮና ወዲህ ተመልሶ አልቆመም።

«ማጉያችንን ይዘን እንሄዳለን።» የእኛ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፣ የአሜሪካው 120። የዳሱ መብራትም አስቀድሞ ታዝዞ ይከፈልበታል።

«ክረምቱ ሲወጣ እንጀምራለን።» ሐምሌና ነሐሴ የተወጠረ ቆዳ በደንብ እንደማይደርቅ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ለጥር ትርዒት ዋንዛው በበጋው ተቆርጦ መድረቅ አለበት፤ ያልደረቀ ገበቴ ሙቀትና ደረቅ አየር ባለበት አዳራሽ ውስጥ ይሰነጠቃል። ቪዛውም ቀጠሮ አለው፣ የመጨረሻውን ወር አይጠብቅም።

ሌላው የሚያንገበግበኝ «መሣሪያው ራሱ ይናገራል» የሚለው ነው። በየትኛው ጸጥታ? በአንድ በኩል ከበሮ፣ በሌላው የኤሌክትሪክ ጊታር በሚሞከርበት አዳራሽ በገና ቢደረደር ደርዳሪውም በቅጡ አይሰማውም። ተለጣፊ ማይክሮፎንና የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልጋል። ቢሰማስ? አሥሩ አውታሮች በሚያርፉበት ብርኩማ ላይ፣ በመካከል በሚገባው የቆዳ ቁራጭ (እንዚራ) ምክንያት የሚሰጡት ንዝረት ለማያውቅ ጆሮ የብልሽት ድምፅ ነው። አንድ ጎብኚ «ይህ ተበላሽቷል» ብሎ ሲያልፍ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የበገና ክብሩ ያ ንዝረት መሆኑን የሚነግረው ሰው በዳሱ ውስጥ አልነበረም። እንግሊዝኛ የሚችል ደርዳሪ ውሰዱ። ቪዛ በእጁ ስላለ ብቻ የባለቤቱን ዘመድ የሚልኩ አሉ፤ ክራሩን ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ቅኝት ቃኝልኝ ሲሉት የሚያፍር ሰው ለዚያ ሁሉ ወጪ አይመጥንም።

ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ የእያንዳንዱን ናሙና መንታ ሠርታችሁ፣ ልኩን፣ እንጨቱንና የአውታሩን ዓይነት ጽፋችሁበት ወርክሾፑ ውስጥ አስቀምጡ። በተመለሳችሁ በሳምንት ውስጥ ካርድ ለሰጣችሁ ሁሉ ዋጋና የማድረሻ ቀን ላኩ። ትእዛዙ ሲመጣ ሠራተኞቻችሁ ልክ የሚወስዱት ከዚያ መንታ ናሙና ላይ ነው።