ልም አጥንት ሁሉ አጥንት አይሆንም

ጎጃም ውስጥ ለፋሲካ የታረደ በግ ሲበለት፣ ጉልበቱ ላይ የሚያብለጨልጨው ነጭ አንሸራታች ሽፋን ልም አጥንት ነው። ስሙ ግን ያሳስታል፤ ገና ያልጠነከረ አጥንት ያስመስለዋል።

በሰው ፅንስ በ5ኛው ሳምንት ገደማ የእጅና የእግር ህዋሳት ተጠጋግተው ይከማቻሉ፤ በ6ኛው ልም አጥንት መሆን ይጀምራሉ። ከዚህ ልም አጥንት አብዛኛው ጊዜያዊ ነው፣ ቀስ በቀስ በአጥንት ይተካል።

ልብ ማለት የሚያስፈልገው መገጣጠሚያው በሚፈጠርበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ህዋሳቱ ጠፍጠፍ ብለው ሦስት ንብርብር ይሠራሉ። መካከለኛው በ8ኛው ሳምንት ገደማ ተሰነጣጥቆ ፈሳሽ የሚይዝ ክፍተት ይሆናል፤ ግራና ቀኙ ደግሞ ዕድሜ ልክ የሚቆየውን የልም አጥንት ሽፋን ያስገኛሉ። ክፍተቱ በደንብ እንዲከፈት ፅንሱ መንቀሳቀስ አለበት። ጡንቻው ካልሠራ መገጣጠሚያው ተጣብቆ ወይም ደርቆ ሊቀር ይችላል።