አፌዥያ ምንድን ነው?

ስትሮክ የመታው ሰው መናገር አቅቶታል። ጠያቂ ይመጣና እንደ ደንቆሮ ጮክ ብሎ ያናግረዋል፤ ወይም ጭራሽ እሱን ትቶ ከአስታማሚው ጋር ያወራል። ሰውየው ግን ጆሮው ደህና ነው፤ አእምሮውንም አልሳተም። የተጎዳው አንጎሉ ቋንቋ የሚያሰናዳበት ቦታ ነው። አፌዥያ የሚባለው ይሄ ነው።

ነገሩ ጎልቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1861 ፓሪስ አጠገብ ባለው ቢሴትር ሆስፒታል ነው። ለቦርኝ የሚባል የ51 ዓመት ታካሚ ምንም ቢጠየቅ መልሱ «ታን ታን» ብቻ ነበር። ሰዉም «ታን» እያለ ይጠራው ጀመር። የሚሉት ነገር ግን ይገባዋል። ስንት ዓመት እዚህ ቆየህ ሲባል፣ አምስት ጣቱን አራት ጊዜ ዘርግቶ አንድ ይጨምራል፤ 21 ማለቱ ነው። ሲናደድ ደግሞ ጉድ ነው፣ ስድቡ ጥርት ብሎ ይወጣል! ሲሞት ሐኪሙ ፖል ብሮካ አንጎሉን መረመረ። ጉዳቱ በግራ በኩል፣ ወደ ፊት ያለው ክፍል ላይ ነበር።

ስድቡ ለምን ተረፈ? በልምድ ከአፍ የሚወጣ ነገር አስቦ እንደሚሰካካ ዓረፍተ ነገር አይደለም። «ውሃ ስጡኝ» ማለት ያቃተው ሰው ከአንድ እስከ አስር ሊቆጥር ይችላል፤ ከልጅነቱ የሚያውቀውን ጸሎትም ሊደግም ይችላል። ዘመድ ይሄን ሰምቶ «ሲፈልግማ ይናገራል» ይላል። ግፍ ነው።

በ1874 ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቬርኒከ ስለ ተቃራኒው ዓይነት ጻፈ፤ የታካሚው ንግግር ይፈሳል፣ ትርጉም ግን የለውም፤ ሲነገረውም አይገባውም።

መናገር ያስቸገረው ሁሉ ግን አፌዥያ የለበትም። ፓርኪንሰን ድምፅን ያሳንሳል፣ ንግግሩን አንድ ወጥ ያደርገዋል፤ ቃላቱ ግን አሉ። ጡንቻ የሚያንቀሳቅሱትን ነርቮች የሚያጠቃው ኤኤልኤስ የሚባለው በሽታ የአፍና የጉሮሮ ጡንቻን ያዳክማል፤ ይሄ በሽታ የነበረበት የፊዚክስ ሊቅ ስቴፈን ሆኪንግ በኮምፒውተር ድምፅ እያወራ መጻሕፍት ጽፏል። አንዳንድ የመርሳት በሽታዎች ደግሞ ቃላትን ቀስ በቀስ ይወስዳሉ። የተዋናይ ብሩስ ዊሊስ ቤተሰቦች በ2022 አፌዥያ አሉ፤ በ2023 ምክንያቱ የዚህ ዓይነት በሽታ መሆኑን አሳወቁ።

ንግግር በድንገት ከተሳሰረ ግን ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ይተኛና ያየዋል አይባልም፤ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ፦ ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው ሲያገግም ቋንቋዎቹ እኩል ላይመለሱ ይችላሉ። እንግሊዝኛው ጠፍቶ አማርኛው ሊቀር ይችላል፣ ወይም በተገላቢጦሽ። ስለዚህ የንግግር ባለሙያው በእንግሊዝኛ ብቻ ፈትኖ እንዳይደመድም፣ በአማርኛም ይታይልን በሉ።