የአሮጌ ማደያ አፈር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደሴ መንገድ ዳር ያለ አሮጌ ነዳጅ ማደያ ፈርሶ ሕንፃ ሊሠራበት ሲታሰብ ከመሬት ሥር ያለው የነዳጅ ታንከር ይወጣል፤ ነዳጅ የነካው አፈርም በገልባጭ መኪና ተጭኖ ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ ግን የሚጠይቅ ሰው ሊኖር ይገባል።

«ካልሸተተ ንጹሕ ነው።»
ቤንዚን ከላይ ተንኖ ሽታው ሲጠፋ ናፍጣው እዚያው ይቀራል። ድሮ ከቤንዚን ጋር ይቀላቀል የነበረው እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ደግሞ ጭራሽ አይሸትም፣ አይበሰብስምም። ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስ የተቀላቀለበትን ቤንዚን ጨርሰው የተዉት እስከ 1998 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ይሠራ የነበረ ማደያ አፈሩ ለእርሳስም መመርመር አለበት።

«መረሬ አፈር አያሳልፍም።»
በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለ ሰው ይህን ቢያምን አይፈረድበትም፤ መረሬው በክረምት ሲያብጥ ውኃ ያቁራል። በበጋ ግን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ከማደያው ሥር የሚንጠባጠበው ነዳጅ በዚያ ይወርዳል። የከርሰ ምድር ውኃ ላይ ሲደርስ አብዛኛው ይንሳፈፋል፣ ከፊሉ ይሟሟል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤንዚን ውስጥ ላለው ዋነኛ ካንሰር አምጪ ኬሚካል ያስቀመጠው የመጠጥ ውኃ ወሰን በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። የጉድጓድ ውኃ የሚጠጣ ጎረቤት ያለው ሰው ይህን ቁጥር ያስብበት።

«ለምርመራ አንድ ባልዲ አፈር ቀላቅሎ መላክ ይበቃል።»
ሲቀላቀል የሚተነው ይተናል፤ ውጤቱም በሐሰት ያማረ ይሆናል። ናሙናው ከታንከሩ ሥር፣ ከጉድጓዱ ግድግዳ፣ ከመቅጃው በታችና ከቧንቧው መስመር ለየብቻው ይወሰዳል። የመስታወት ጠርሙሱ ባዶ ቦታ ሳይተርፍ እስከ አፉ ይሞላል፣ ይከደናል፣ በበረዶ ሳጥን 4 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ሳይዘገይ ቤተ ሙከራ ይደርሳል። ቦታውና ጥልቀቱ ጠርሙሱ ላይ ይጻፋል።

«ገደል ውስጥ ይደፋ፤ ካልሆነም ለጓሮ ይሁን።»
በሬሳ በተባለው የደብረ ብርሃን ወንዝ ዳር የተደፋ አፈር ክረምት ሲገባ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይወርዳል። ጓሮ የተደፋው ደግሞ ሕፃናት የሚጫወቱበት፣ ጎመን የሚበቅልበት ነው። አደገኛ ቆሻሻን እንዲህ እንዳሻ መጣል ቀልድ አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 የወጣው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ውጤቱ እስኪመጣ አፈሩ ወፍራም ላስቲክ ላይ ይከመር፣ ይሸፈን፣ ዙሪያው ይከተር።

«ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ይጠራል።»
በናፍጣ የተበከለን አፈር የሚያጠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አየር፣ እርጥበትና ፍግ ይፈልጋሉ። በደብረ ብርሃን ብርድ ሥራቸው ስለሚዘገይ ወራት መጠበቅና ደግሞ መመርመር ግድ ነው። እርሳስን ግን አያጠፉትም፤ እርሳስ የበዛበት አፈር ከሥሩ ውኃ እንዳያሳልፍ ተደርጎ ወደተሠራ የአደገኛ ቆሻሻ ማስወገጃ መሄድ አለበት።