«ውሃ በሳምንት ሁለቴ ለሚመጣበት ቤት ጠቋሚ ምን ያደርጋል?» እና ሌሎች የተለመዱ ስህተቶች

የውሃ ፍሳሽ ጠቋሚዎች፣ ማለትም ውሃ ወለል ላይ ሲፈስ የሚጮሁ ትንንሽ መሣሪያዎች፣ ከዱባይ በሻንጣ፣ ከአሜሪካ በዘመድ እጅ እየመጡ አዲስ አበባ ውስጥም ብዙ ቤት ገብተዋል። ችግሩ መሣሪያዎቹ የተሠሩት ቧንቧው 24 ሰዓት ውሃ ላለውና መብራት እምብዛም ለማይጠፋበት ቤት መሆኑ ነው። የኛ ቤት ፈረቃ አለው፣ ጣሪያው ላይ ሮቶ አለው፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነም ከላይም ከታችም ሰው አለው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል አይቶ የሚያስቀምጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የማይፈስበት ቦታ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ስለነዚህ ጠቋሚዎች ሲባሉ የምሰማቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ልያቸው።

«ውሃችን በፈረቃ ስለሆነ እኛን አይመለከተንም»

እንዲያውም ይበልጥ የሚያስፈልገው በፈረቃ የሚኖር ቤት ነው። ውሃ ጠፍቶ ሳለ አንድ ሰው ቧንቧውን ከፍቶ ያያል፤ ጠብ አይልም፤ ሳይዘጋው ይሄዳል። ገንዳው ውስጥ ሰሃንና የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አለ። ውሃው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ስፖንጁ መውረጃው ላይ ይለጠፋል፣ ገንዳው ሞልቶ ይፈሳል። ሲነጋ የሳሎኑ ምንጣፍ ረጥቧል፤ ታች ቤት ያሉት ደግሞ ቀድመው በር ያንኳኳሉ። እዚህ ውስጥ የተበላሸ ቧንቧ የለም፣ ጥሩ ቧንቧ ሠራተኛም አያድናችሁም።

ሌላም አለ። ውሃ ሲጠፋ መስመሩ ውስጥ አየር ይገባል። ሲመለስ አየሩን እየገፋ ስለሚመጣ ቧንቧው ያንኳኳል፣ መጋጠሚያዎቹም በየጊዜው ይመታሉ። በዚህ ምት መጀመሪያ የሚለቁት ደካሞቹ ናቸው፤ ከሽንት ቤት መቀመጫው ጀርባ ያለው ፍሌክሲብል (ተጣጣፊው ቱቦ)፣ የልብስ ማጠቢያው ቱቦ፣ በቴፍሎን ብቻ የተያዘው የውሃ ማሞቂያው መግቢያ። የፈረቃ ሰፈር ነዋሪ የመጀመሪያውን ጠቋሚ ማስቀመጥ ያለበት የቤቱ ሰው በብዛት ከፍቶ ከሚረሳው ቧንቧ ሥር ነው። የትኛው እንደሆነ ደግሞ ቤተሰቡ ያውቀዋል።

«ግድግዳዬ ላይ ያለውን እርጥበት ይነግረኛል»

አይነግርም። ጠቋሚውን ገልብጣችሁ እዩት፤ ሆዱ ላይ ሁለት ወይም አራት የብረት ነጥቦች አሉ። ውሃ ሁለት ነጥቦችን ሲያገናኛቸው ጥቂት ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ ያኔ ይጮሃል። ሥራው ይኸው ነው። ቀለሙ የተላጠ፣ የሻገተ ግድግዳ አጠገብ ዓመት ቢቀመጥ ትንፍሽ አይልም።

«ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ካቢኔት ውስጥ ጣል ማድረግ ይበቃል»

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ በብዛት የሚበላሸው እዚህ ነውና።

ካቢኔቱን ክፈቱና ወደ ውስጥ እዩ። ከላይ ሲፎኑ አለ፣ ከኋላ ሁለት ፍሌክሲብሎች ከግድግዳው ይወጣሉ። ቧንቧዎቹ የሚያልፉበት ቀዳዳ ከካቢኔቱ ወለል ኋላ ጥግ ላይ በመጋዝ ተበስቷል፤ አናጢው ለሥራው እንዲመቸው ቀዳዳውን ከቧንቧው እጥፍ አድርጎታል። ፍሌክሲብሉ ሲያፈስ ውሃው ቱቦውን ይዞ ይወርድና በዚያው ቀዳዳ ከካቢኔቱ ሥር ይገባል። እናንተ ደግሞ ጠቋሚውን ለእጅ እንዲመች ከፊት፣ ከሳሙናው ጎን አስቀምጣችሁታል። ሥሩ ሐይቅ ሲሆን እሱ ደረቅ እንደሆነ ይውላል። የቺፕውዱ እግር አብጦ በሩ አልዘጋ ሲል ነው የምታውቁት።

መፍትሔው አንድ ስኒ ውሃ ነው። ስኒውን በፍሌክሲብሉ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አንጠባጥቡና ውሃው የት እንደሚሄድ በስልክ መብራት ተከታተሉ። በቀዳዳው ከወረደ የጠቋሚው ቦታ ከካቢኔቱ ሥር፣ ከወለሉ ላይ ነው። እዚያ እጅ የማይደርስ ከሆነ በሽቦ ጫፍ ላይ ትንሽ መዳሰሻ ያለውን ዓይነት ግዙ፤ መዳሰሻው ከታች ይሆናል፣ ጩኸቱ ከላይ። ውሃው ካቢኔቱ ውስጥ ከቀረ ደግሞ ወለሉ ወዴት እንደሚያዘነብል አይታችሁ ዝቅ ያለው ጥግ ላይ አድርጉት። ሥሩ ፕላስቲክ ወይም ጋዜጣ አታንጥፉለት፤ ውሃው በጋዜጣው ሥር ያልፋል፣ ነጥቦቹም አይነኩትም።

ይህ የስኒ ሙከራ ለማሞቂያውም፣ ለልብስ ማጠቢያውም ይሠራል። መሣሪያውን ከመግዛት በፊት ቢደረግ ደግሞ ስንት ጠቋሚ እንደሚያስፈልግ ይነግራችኋል። እኔ ቁጥር ሲጠይቁኝ የማልናገረው ለዚህ ነው።

«መታጠቢያ ቤት ሲሆን መሃል ላይ»

መታጠቢያ ቤታችን በባልዲ የሚታጠቡበት፣ ወለሉ በየቀኑ የሚረጥብ ክፍል ነው። መሃል ላይ ወይም የወለሉ መውረጃ አጠገብ ከተቀመጠ በየማለዳው ይጮሃል፤ በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ባትሪውን ያወጣዋል። ቦታው ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ጀርባ፣ ከግድግዳው ቫልቭ ሥር ነው፤ የሰው ውሃ የማይረጭበት፣ የቧንቧው ውሃ ግን የሚያልፍበት። እንዲህ ያለ ጥግ ከሌለ መታጠቢያ ቤቱን ተዉትና ጠቋሚውን ከበሩ ደፍ ውጭ አድርጉት። መውረጃው ተደፍኖ ውሃው ወደ ኮሪደሩ ሲወጣ ይይዘዋል። እስከዚያ ያለው ሴራሚክ ስለሆነ ብዙም አይጎዳም።

«ዋይፋይ ያለው ሁልጊዜ ይሻላል»

ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ሰው ካለ፣ እማማ ከሳሎን የማይጠፉ ከሆነ፣ ጮሆ የሚጠራው ተራው ዓይነት ከሁሉም ይሻላል። ሁለት ባትሪ ይበላል፣ አፕ አይጠይቅም፣ ራውተር አይጠብቅም። ዋይፋይ ያለው ግን መብራት ሲጠፋ ራውተሩ አብሮ ስለሚጠፋ ስልካችሁ ላይ ምንም አይልክም። ሳይረን ያለው ከሆነ እዚያው ይጮሃል እንጂ ቢሮ ላለ ሰው አይደርስም። ለራውተር የሚሆን ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ መግጠም ይህን ያቃልላል፤ እሱም የኢንተርኔቱ መስመር ራሱ ካልጠፋ ነው። ከነዚህ ብዙዎቹ የሚያውቁት የራውተሩን 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ብቻ ነው፤ 5 ጊጋኸርዙን አያዩትም። «አልገናኝ አለኝ» የሚባለው ግማሹ ከዚህ ይመጣል።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ መልእክቱ ሲመጣ ቁልፍ ይዞ የሚደርስ ሰው አለ? ከሌለ አፑ የሚሰጣችሁ ውሃው ሲፈስ በቀጥታ መከታተል ብቻ ነው።

ሳይረኑን በተመለከተ ደግሞ፣ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) የሚለው ጽሑፍ መሣሪያው ክፍት ቦታ ላይ፣ ከቅርብ የተለካበት ነው። ካቢኔት ውስጥ ተዘግቶ፣ የብሎኬት ግድግዳ አልፎ መኝታ ቤት ሲደርስ ሌላ ነገር ነው። አንዱ ተኝቶ፣ አንዱ እያስጮኸ ሞክሩት።

«ራሱ ውሃ የሚዘጋውን ካስገጠምኩ አለቀ»

በጣም ውድ የሆነው ስህተት ይህ ነው። ጠቋሚው ሲረጥብ ሞተር ያለው ቫልቭ ዋናውን መስመር ይዘጋል፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሮቶ ያለው ቤት ሁለት የውሃ ምንጭ አለው። ቫልቩ ቆጣሪው አጠገብ ከተገጠመ የከተማው መስመር ውሃ ይዘጋል፣ ጣሪያው ላይ ያለው 2,000 ሊትር ግን በሙሉ ሳሎን ይወርዳል። ቫልቩ መግባት ያለበት ከሮቶው መውጫ ላይ ነው። ውሃው በሁለቱም መንገድ ወደ ቤት የሚገባ ከሆነ ሁለት ቫልቭ ያስፈልጋል ወይም ሁለቱ ከተገናኙ በኋላ ባለው መስመር ላይ አንድ።

ፓምፕ ካለ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፓምፑ የሚነሳው ግፊት ሲቀንስ ነው። ቧንቧ ሲፈነዳ ግፊቱ ይወርዳል፣ ፓምፑም «ሰው ውሃ ፈለገ» ብሎ ታንከሩ እስኪያልቅ ይገፋል። ስለዚህ ጠቋሚው ቫልቩን ብቻ ሳይሆን የፓምፑንም መብራት እንዲያጠፋ አድርጎ የሚያገናኝ ኤሌክትሪሽያን ፈልጉ።

የቫልቩ ዓይነትም ይለያል። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል፤ ከሻወሩ 3 ሜትር ከፍ ያለ ሮቶ እንግዲህ 0.3 ባር ገደማ ነው። ብዙ የሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚሠሩ) ቫልቮች በትክክል ለመክፈትና ለመዝጋት ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ግፊት ይፈልጋሉ። በሞተር የሚዞረው ቦል ቫልቭ (ቀዳዳ ያላትን ኳስ አዙሮ የሚዘጋው) ግፊት አይጠብቅም፤ ለሮቶ መስመር የምመርጠው እሱን ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ባለበት ይቆማል፤ ክፍት ከነበረ ክፍት ነው።

ቧንቧው ላይ ገብተው የሚያልፈውን ውሃ እየቆጠሩ «ይህ አጠቃቀም ልክ አይደለም» የሚሉ መሣሪያዎችም አሉ። በፈረቃ መስመር ላይ ከቆጣሪው ቀጥሎ አታስገጥሟቸው። የቤት ውሃ ቆጣሪ በአየር እንደሚዞር የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ ውስጡ መዘውር ያለው መሣሪያም ያንኑ አየር ውሃ ብሎ ይቆጥረዋል።

«ከአሜሪካ የመጣ ስለሆነ ይሠራል»

በባትሪ የሚሠራውና ራሱ የሚጮኸው ይሠራል። ከሌላ ማዕከል ጋር በሬዲዮ የሚነጋገረውን ግን ስሙን እዩ። ዚግቢ የሚባለው በ2.4 ጊጋኸርዝ የትም አገር አንድ ነው። ዚ-ዌቭ ለአሜሪካ በ908 ሜጋኸርዝ፣ ለአውሮፓ በ868 ሜጋኸርዝ ነው የሚሠራው፤ ከአንዱ ጠቋሚ፣ ከሌላው ማዕከል ገዝቶ ማገናኘት አይቻልም። የአሜሪካው ሞገድ በኛ በኩል ለሞባይል ስልክ ከተሰጠው የ900 ክልል ውስጥ ስለሚወድቅም ባይመጣ ይሻላል። ሶኬት ላይ የሚሰካ ከሆነ አስማሚው (አዳፕተሩ) ላይ 100–240 ቮልት መጻፉን አረጋግጡ፤ 120 ብቻ የሚል የቫልቭ ሞተር 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። የዱባዩ ቮልቴጁ ይስማማል፣ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው መሰኪያው ነው ማቀያየሪያ የሚፈልገው።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ የናንተ ቦታ ሌላ ነው፤ ምድር ቤት ያለው ማሞቂያ ሥር፣ የሳምፕ ፓምፑ (ምድር ቤት የገባውን ውሃ የሚያወጣው) ጉድጓድ አፍ፣ ፎቅ ላይ ያለው ልብስ ማጠቢያ። «ኢንሹራንስ አለኝ» የምትሉ ፖሊሲያችሁን አንብቡ። በድንገት የፈነዳን ቧንቧ በአብዛኛው ይሸፍናሉ፣ ለሳምንታት ሲንጠባጠብ የኖረውን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍኑም።

«ካልጮኸ ቤቴ አያፈስም»

የሽንት ቤት ታንከር ላስቲኩ ሲያልቅ ውሃው በዝምታ ወደ መቀመጫው ይወርዳል፤ ወለሉ ጠብታ አያይም። ከቆጣሪው እስከ ቤቱ መሬት ውስጥ ያለው ቧንቧ ሲበሳም አፈሩ ነው የሚጠጣው። ጠቋሚ እነዚህን አያገኝም።

ለመጀመሪያው፣ ታንከሩ ውስጥ የምግብ ቀለም ወይም አተላ የሌለው ጥቁር ቡና ጨምሩና ሳትለቁት 20 ደቂቃ ጠብቁ። መቀመጫው ውስጥ ቀለም ከታየ ላስቲኩ አልቋል። ለሁለተኛው፣ ውሃ ባለበት ቀን ሮቶው ሞልቶ መግባቱን ሲያቆም ሁሉንም ቧንቧ ዝጉና ቆጣሪው ፊት ላይ ያለችውን ትንሽ ኮከብ ተመልከቱ። ከዞረች ውሃ እየሄደ ነው። ከሮቶው በኋላ ላለው መስመር ደግሞ ማታ መግቢያውን ዝጉ፣ ሮቶው ላይ የውሃውን ልክ ምልክት አድርጉና ማንም ሳይጠቀም ማለዳ እዩት።

ጠብታን የሚንቅ ካለ ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰከንድ አንድ ጠብታ፣ ጠብታዋም ሩብ ሚሊ ሊትር ብትሆን በቀን ከ21 ሊትር በላይ ነው። አንድ ቢጫ ጀሪካን ማለት ነው፤ ለጀሪካን ውሃ ተሰልፎ ለሚያውቅ ሰው ይህ አይብራራም።

«እኔ ቤት ካስቀመጥኩ እኔ ድኛለሁ»

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቤታችሁን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ የላይ ቤት ውሃ ነው። እሱ በጣሪያ፣ በአምፖሉ ሽቦ በኩል ይመጣል፤ ወለላችሁ ላይ ያለው ጠቋሚ ሲነካው ኮርኒሱ አልቋል። እናንተን የሚጠብቀው ጠቋሚ መቀመጥ ያለበት እነሱ ቤት ነው። አንድ ገዝታችሁ ለላይኛው ጎረቤት ብትሰጡ፣ በኋላ በኮሚቴ ከመካሰስ ይረክሳል።

«ጩኸቱን ከሰማሁ ቀሪው ቀላል ነው»

ቫልቩ የት እንዳለ የሚያውቀው ቤቱን የሠራው ቧንቧ ሠራተኛ ብቻ ከሆነ ቀላል አይደለም። ለዓመታት ያልተነካ ጌት ቫልቭ ዝጎ አይዞርም ወይም መዘውሩ ይዞርና ውስጡ አይዘጋም። በየስድስት ወሩ ዝጉት፣ ክፈቱት፤ እንቢ ካለ በቦል ቫልቭ አስቀይሩት። ባትሪውን የምትፈትሹት በዚያው ቀን ይሁን፤ በእርጥብ ጨርቅ ሁለቱን ነጥብ ንኩ፣ ሲጮህ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። የሳሙና ቅባት ነጥቦቹ ላይ ከተጋገረ ውሃም አይሰማውም።

የሮቶውንና የከተማውን መስመር ቫልቭ ለቤት ሠራተኛዋም፣ ለልጆቹም በእጃቸው አስዞሩ። ወለሉ ረጥቦ ማከፋፈያ ገመድ ውሃው ውስጥ ካለ ግን ማንም ወደ ውሃው አይግባ። መጀመሪያ ከመብራት ቆጣሪው አጠገብ ያለው ብሬከር ይወርዳል፣ ቫልቩ ከዚያ በኋላ ነው።