የኔማቶድ ብዛት ምንድን ነው?

ጥር ላይ ጅማ ውስጥ ግቢው ሣር ያለው ሰው ያውቀዋል። ጠዋት ደህና የነበረው ሰርዶ ቀትር ላይ ጠውልጎ ይገኛል። እዚህም እዚያም ቢጫ ይላል። አትክልተኛችን "ጋሼ፣ ውሃ አንሶት ነው" ይለኛል። አፈሩን በጣቴ ስጭረው ግን ርጥብ ነው። አንድ ጉማጅ ሣር ከነአፈሩ ነቅዬ ሥሩን አጠብኩት። አጭር ነው፣ ጠቁሯል፣ ቀጫጭኑ ሥር የለም ማለት ይቻላል። ኔማቶድ ጠረጠርኩ።

ኔማቶድ ትል ነው። አፈር ውስጥ ያለው አብዛኛው ከ1 ሚሊ ሜትር ስለሚያንስ በዓይን አይታይም። ተክል የሚያጠቃው ዓይነት አፉ ውስጥ እንደ መርፌ ያለ ነገር አለው፤ ሥሩን ወግቶ ይመጥጣል። ቲማቲም ነቅላችሁ ሥሩ ላይ እብጠት ካያችሁ፣ እሱም የዚሁ ዘመድ ሥራ ነው።

ታዲያ መድኃኒት ይረጭ? ቆይ። ኔማቶድ የሌለበት አፈር የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ ባክቴሪያና ሻጋታ በልተው የሚያድሩ ናቸው፤ ሣሩን አይነኩም። ሥር የሚወጉትንም ጥቂት ሲሆኑ ሣሩ ይችላቸዋል። ስለዚህ ባለሙያ የሚጠይቀው "አለ ወይ?" ብሎ ሳይሆን "የትኛው ዓይነት? ስንት?" ብሎ ነው። ብዛት የሚባለው ይኸው ነው፤ ብዙ ጊዜ በ100 ሚሊ ሊትር አፈር ስንት እንደተገኘ ይቆጠራል። አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ አሸዋማ አፈር ላይ ያለው ነዳፊ የሚባለው ዓይነት ጥቂትም ቢሆን ሣር ያበላሻል። ቀለበት የሚባለው ግን መቶና ሁለት መቶ ሆኖም ሣሩ ምንም ላይመስለው ይችላል።

ሰው የሚሳሳተው ናሙናው ላይ ነው። ከሞተው መሃል አይወሰድም፤ ሥር ከሌለ በላተኛውም የለም። ቢጫውና አረንጓዴው ከሚገናኙበት፣ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከ15 እስከ 20 ቦታ ተወስዶ ይቀላቀላል። ፌስታል ውስጥ ይታሰራል፣ ፀሐይ አይነካውም። ትሉ በሕይወት መድረስ አለበትና። ትሉን ከአፈሩ ለመለየት አንዱ ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ ያለው፣ ዘይት ጠርሙስ ውስጥ የምንጨምርበትን ዓይነት ፈነል ይጠቀማል። አፈሩ በስስ ወረቀት ላይ ሆኖ ውሃውን ይነካል፤ ትሉ ራሱ እየተወራጨ ወርዶ ከታች ይጠራቀማል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። የሞተ ትል አይወርድም።

ለምን ጥር ላይ? የጅማ ዝናብ ረጅም ነው። ውሃ እስካለ ድረስ አጭር ሥርም ይበቃል። ዝናቡ ሲቆም ነው ጉዱ የሚወጣው።

ናሙናው እስኪታይ ሣሩን ረዘም አድርገህ እጨደው አልኩት፤ እንዲህ ሲሆን ሥሩም ትንሽ ይበረታል። አትክልተኛችን ግን "ጸጉሩን ያልተቆረጠ ሰው መሰለ" እያለ እስካሁን ያጉረመርማል።