ድንኳን ተክሎ ብር መልቀም? ስለ ወፍጮ ቤት ማረፊያ የሚባለውና እውነታው

ዘመድ ሲደውል «ሥራ እንዴት ነው?» ይላል። እመልሳለሁ። ከዚያ የሚከተለው ሁሌም አንድ ነው፦ «ይኼማ ሥራ ነው እንዴ? ድንኳን ተክሎ ብር መልቀም ነው እንጂ!»

የምሠራው እንግሊዝ ውስጥ፣ ከዌልስ ወሰን አጠገብ ባለ አሮጌ የውሃ ወፍጮ ነው። ባለቤቶቹ ባልና ሚስት ናቸው፤ ከወፍጮው ከፍ ብሎ ባለው መስክ ላይ አራት ክብ ድንኳንና አንዲት የእንጨት ጎጆ በእጃቸው ሠርተዋል። እንዲህ ያለውን ማረፊያ እዚህ ግላምፒንግ ይሉታል፦ ከውጭ ሲያዩት ድንኳን፣ ውስጡ ግን የተነጠፈ አልጋ፣ የእንጨት ምድጃና ምንጣፍ አለው። እኔ አንሶላ እቀይራለሁ፣ እንጨት እፈልጣለሁ፣ የውሃውን በር እከፍትና እዘጋለሁ። አራተኛ ዓመቴ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን አባባሎች አብዛኞቹን መጀመሪያ እኔም አምኜባቸው ነበር።

«ድንኳን ነው፤ ፈቃድ ምን ያደርግለታል?»

ግማሽ እውነት ስላለበት ነው ሰው የሚታለለው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ባለመሬት በዓመት እስከ 60 ቀን፣ እስከ 50 ድንኳን ድረስ፣ ለአካባቢው ምክር ቤት አሳውቆ ያለ ሙሉ ፈቃድ ማስተናገድ ይችላል። ብዙ ሰው ማንበብ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ደንቡ ግን በቅርስነት በተመዘገበ ሕንጻ ቅጥር ግቢ ውስጥ አይሠራም፤ ጎርፍ የሚያሰጋው ቦታ ከሆነም ምክር ቤቱ አስቀድሞ ጉዳዩን ማየት አለበት። አሮጌ ወፍጮ ብዙ ጊዜ ቅርስ ነው። ከውሃ የራቀ የውሃ ወፍጮ ደግሞ የት ይገኛል?

ነገሩ በወፍጮው ግድግዳም አያበቃም። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 1948 በፊት በግቢው ውስጥ የተሠራ አጥርም ሆነ ጎተራ ከዋናው ሕንጻ ጋር አብሮ ይጠበቃል። ባለቤቶቹ አሮጌውን የአሳማ ቤት መታጠቢያ ሊያደርጉት ሲያስቡ ወረቀቱ ከግንባታው የበለጠ ጊዜ ፈጀ። ያለ ፈቃድ መንካት ወንጀል ነው። ጣሪያው ውስጥ የሌሊት ወፎች ካደሩበት ደግሞ አናጺው የሚገባው እነሱ ሲፈቅዱለት ነው፤ ማደሪያቸውን ማፍረስ በሕግ ያስጠይቃል።

«መንኮራኩሩ እየዞረ መብራት ትከፍላላችሁ?»

ይህን የሚለኝ የወንድሜ ልጅ መሐንዲስ ነው፣ ስለዚህ በቁጥር እመልስለታለሁ። ውሃው የሚወርድበት ከፍታ 3 ሜትር ቢሆን፣ በሴኮንድ 100 ሊትር ቢወርድ፣ ጉልበቱ በወረቀት ላይ 2.9 ኪሎዋት ነው። ከመንኮራኩር፣ ከጥርስ ማርሽና ከጄኔሬተር ጋር ሲታገል ግማሹ ጠፋ እንበል፤ 1.5 ቀረ። እዚህ አገር አንድ የሻይ ውሃ ማፍያ ብቻውን 3 ኪሎዋት ይስባል። ያ ሁሉ እንጨትና ብረት እየተንገጫገጨ ለአንድ ማፍያ አይበቃም ማለት ነው። ሌሊቱን ሙሉ በባትሪ ከተጠራቀመ ግን ለመብራትና ለስልክ ቻርጅ ይተርፋል፤ ንቀቴ ፍጹም አይደለም።

የማይታየው ወጪ ውሃውን መጥለፍ ነው። በቀን ከ20 ሜትር ኩብ በላይ ከወንዝ የሚጠልፍ ሰው ፈቃድ ማውጣት አለበት። አሁን በጠቀስነው ፍጥነት 20 ሜትር ኩብ በሦስት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ያልፋል! ውሃው ወደ ወንዙ ይመለሳል ብሎ መከራከር አያዋጣም፤ ውሃው ወደ ወፍጮው ቦይ ከሚጠለፍበት እስከሚመለስበት ድረስ ያለው ወንዝ ደርቆ ዓሣ እንዳያልቅ ነው ጥያቄው። ኢል የሚባለው እባብ መሰል ዓሣ ለብቻው ደንብ አለው፤ መተላለፊያ ሊሠራለት ይችላል።

መንኮራኩሩን ለውበት ብቻ አቁሞ መተውም አይቻልም። የእንጨት መንኮራኩር ለሳምንታት ከቆመ ውሃ የነካው ጎን ይረጥብና ይከብዳል። ኋላ ሲዞር አንካሳ ሰው ይመስል አንድ ጎኑ ይሮጣል፣ አንዱ ይጎተታል።

«የምንጭ ውሃ ንጹሕ ነው።»

ለገዛ ቤትህ ይሁን። ለከፋይ እንግዳ ከቀዳኸው ምክር ቤቱ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ናሙና ይወስዳል። የሚወጣው ፍሳሽም እንደዚያው ነው፦ ሴፕቲክ ታንክ የሚባለውን የፍሳሽ ማጠራቀሚያ በቀጥታ ወደ ወንዝ መልቀቅ አይፈቀድም።

«በእጅ የተሠራ ድንኳን ርካሽ ነው።»

እንጨቱ ርካሽ ሊሆን ይችላል። ሸራው ግን በወንዝ ሸለቆ ውስጥ ይኖራል፤ ማታ ቀዝቃዛው አየር ወደ ታች ወርዶ ጉም ይተኛበታል። አንድ ሳምንት ምድጃ ካልነደደ ስፌቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይጀምራል። ሻጋታ ነው፤ አንዴ ከገባ ታጥቦም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ስለዚህ እንግዳ በሌለበት ቀንም እሳት አነዳለሁ። ርካሽ የሚሉት እንጨቱን ማን እንደሚፈልጥ ሳያውቁ ነው።

እሳት ካነሳሁ አይቀር፦ በየድንኳኑ ከፍም የሚወጣውን ሽታ አልባ መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ሲያገኝ የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ ተሰቅሏል። ከሰል ቤት ውስጥ አንድዶ መተኛት ምን እንደሚያደርግ ለእኛ ሰው አይነገርም፤ እዚህ ግን መናገር አለብኝ። አንድ ምሽት ዝናብ መጣባቸውና ሁለት ጎረምሶች የሥጋ መጥበሻቸውን ከነፍሙ ይዘው ገቡ። ማስጠንቀቂያው ሲጮኽ በካልሲ ሮጥኩ። «ነበልባል እኮ የለውም» አሉኝ በትሕትና። ፍሙን በአካፋ አውጥቼ ዝናቡ ላይ ደፋሁት፤ በማግስቱ በሩ ላይ ትልቅ ጽሑፍ ተለጠፈ።

«ወፍጮው እየፈጨ እንግዳ ቁርሱን ይበላል።»

ፎቶውን ለእናቴ ስልክላት ስለ አልጋው አልጠየቀችም። «ማን ነው የሚወቅረው?» አለችኝ። እስካሁን ከተጠየቅሁት ሁሉ ትክክለኛው ጥያቄ ይኸው ነው። ድንጋይ ካልተወቀረ አይፈጭም፤ እህሉን ያሞቀዋል፣ ይጨፈልቀዋል እንጂ። እዚህ ያለው ላይኛው ድንጋይ በክሬን ተነስቶ ይገለበጣል፤ ከመሐል ወደ ጠርዝ የሚሄዱት ቦዮች በመሮ ይታደሳሉ። ጠርዙ ላይ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል የወረቀት ያህል ክፍተት ብቻ ነው የሚቀረው። እህል አልቆ ድንጋይ ከድንጋይ ከተገናኘ ሁለቱም ይበላሻሉ፣ ስለዚህ የድሮ ባለወፍጮዎች እህሉ ሲጎድል የሚያቃጭል ደወል ሰቅለዋል። እኛ ዘንድ ደወሉ አለ፤ የምንፈጨው ግን በወር አንድ ቅዳሜ ነው። የቁርሱ ዳቦ ከከተማ ይመጣል። ሲጠየቁ ባለቤቶቹ አይደብቁም፤ ሳይጠየቁ ግን አይናገሩም፣ ይህን አልወድላቸውም።

የአገሩ ወፍጮዎች የተዘጉትም ሰው ስለሰነፈ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የብረት ሮለር ወፍጮዎች መጥተው ነጭ ዱቄት በብዛትና በርካሽ ማውጣት ሲጀምሩ የገጠሩ ድንጋይ ገበያውን አጣ።

«ድንኳኑን ወንዙ አፋፍ ላይ ብትተክሉት ይበልጥ ይከፈላችኋል።»

ይህን እንግዶችም ይላሉ፤ ደጋግመው ከሚመጡት መካከል እንኳ አሉ። ወፍጮ ቤት የተሠራው ውሃ እንዲመጣለት ነው፣ ውሃውም ቀጠሮውን ያከብራል። በአንድ የካቲት ሌሊት በስምንት ሰዓት የጎርፍ ማስጠንቀቂያው ስልኬ ላይ ጮኸ። ባለቤቱና እኔ ባትሪ ይዘን ወረድን። መንኮራኩሩን በሰንሰለት አሰርነው፤ የመጀመሪያውን በር ከፈትነው፤ ሁለተኛው እንቢ አለ። አንድ የአኻያ ግንድ ተሰንቅሮበት ነበር። በረጅም መንጠቆ ስንጎትት ውሃው ቦቲዬ ውስጥ ገባ። ግንዱ ሲለቅ ያሰማውን ድምፅ እስካሁን አልረሳሁትም። ነጋ ስንል የአሳማ ቤቱ መታጠቢያ ወለል አንድ ጣት የሚሆን ደለል ለብሷል። ድንኳኖቹ ግን ደረቅ ነበሩ።

አፋፉ ላይ ለምን እንዳልተከልን የሚጠይቀኝን እንግዳ አሁን ወደ ወፍጮው በር ወስጄ መቃኑን አሳየዋለሁ። ድሮ የነበሩት ባለወፍጮዎች ጎርፍ በደረሰበት ቁጥር መስመር ቀርጸውበታል፤ አንዳንዱ ዓመተ ምሕረት አለው። የእኛው የየካቲት ጎርፍ ጉልበቴ ላይ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ደረቴ ድረስ ይመጣል፣ እሱ ላይ የተጻፈ ዓመት የለም።