በወሎ ከተሞች ጊዜ የተቆረጠለት የመተግበሪያ ግዢ

ጊዜ የተቆረጠለት ግዢ ማለት መተግበሪያ ውስጥ ተከፍሎበት የሚገኝ፣ ቀኑ ሲደርስ የሚያበቃ ተጨማሪ አገልግሎት ነው። የሦስት ወር ቴሌግራም ፕሪሚየም አንዱ ነው። የፐብጂ ጨዋታ ሮያል ፓስም እንዲሁ፤ የጨዋታው ዙር (ሲዝን) ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። ነገሩ ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለወልድያ ሰው እንግዳ አይደለም። በ*999# የቀን ወይም የሳምንት ጥቅል የገዛ ሁሉ ያውቀዋል።

በመተግበሪያ ውስጥ መሸጥን አፕል የጀመረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2009፣ ጉግል ደግሞ በ2011 ነው። አፕል ግዢውን በአራት ይከፍለዋል፦ ተጠቅመው የሚጨርሱት፣ አንዴ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚቀር፣ በራሱ የሚታደስ ምዝገባ እና የማይታደስ ምዝገባ። ለእኛ የሚስማማው የመጨረሻው ነው ባይ ነኝ። በራሱ የሚታደሰው ካልሰረዙት በየጊዜው ገንዘብ ይቆርጣል። የማይታደሰው ግን ጊዜው ሲያልቅ ያበቃል፤ የፈለገ ሰው እንደገና ይገዛል።

ችግሩ ሥራው በመተግበሪያው ሠሪ ላይ መውደቁ ነው። በዚህ ዓይነት ግዢ ማብቂያውን የሚያሰላው የአፕል መደብር ሳይሆን የመተግበሪያው ባለቤት ነው። ደንበኛው ስልክ ሲቀይር የገዛው እንዳይጠፋበት ማድረግም የእሱ ኃላፊነት ነው። ማብቂያው በስልኩ ሰዓት ብቻ ከተለካ ደግሞ ሰዓቱን ወደ ኋላ የመለሰ ሁሉ በነፃ ያራዝመዋል። ስለዚህ ቀኑ ሰርቨር ላይ፣ ማለትም በደንበኛው ስልክ ሳይሆን በባለቤቱ ኮምፒውተር ላይ፣ መቀመጥ አለበት።

የሰዓት አጻጻፉ በጣም ያሳስበኛል። መተግበሪያው «12:00 ላይ ያበቃል» ብሎ እኩለ ሌሊትን ማለቱ ከሆነ፣ የሐይቅ ከተማ ነጋዴ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው ብሎ ይረዳዋል። ለእሱ እኩለ ሌሊት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። የከፈለበትን የስድስት ሰዓት አገልግሎት አለቀ ብሎ ይተወዋል ማለት ነው። «5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይቀርዎታል» ቢባል ግን ማንም አይሳሳትም። «አንድ ወር» ከማለትም «30 ቀን» ይሻላል፤ ጳጉሜ ስትመጣ ክርክር አይነሳም።

የመብራትና የኔትወርክ መቆራረጥም አለ። የ24 ሰዓት አገልግሎት ገዝቶ ግማሹን ቀን ያለ ኔትወርክ ያሳለፈ ሰው ከፍሎ አልተጠቀመም። ቆጠራው ከክፍያው ሰዓት ሳይሆን ደንበኛው «ጀምር» ሲል ቢጀምር ፍትሐዊ ነው። ለሠሪው ብዙ ሥራ አይጨምርበትም።

አብዛኛው ሰው ለአፕልና ለጉግል መደብሮች የሚሆን ዓለም አቀፍ ካርድ የለውም። ስለዚህ በቴሌግራም ለሚሸጡ ሰዎች በቴሌብር ይልካል፣ ወይም ዓረብ አገር ያለች እህቱን ያስቸግራል። ፕሪሚየም በስጦታ መልክ ስለሚላክ የሚያስፈልገው የተጠቃሚ ስም ብቻ ነው። ለጨዋታም የተጫዋቹ መለያ ቁጥር ይበቃል። የይለፍ ቃል ወይም በኤስኤምኤስ የመጣ ኮድ የሚጠይቅ ሻጭ ካጋጠመ ግዢውን እዚያው ማቆም ነው። ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን አካውንቱም ሊሄድ ይችላል።

የብዙዎቹ ዋጋ መነሻ ዶላር ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያው የሦስት ወር አገልግሎት በብር ሲሰላ እጅግ ተወዷል። ከሽያጩ ላይ መደብሮቹ በተለምዶ 30 በመቶ ይወስዳሉ፤ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች ለሚያስገቡ ሠሪዎች ግን 15 በመቶ ነው። ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወጥቶ መተግበሪያ ለሚሠራ ወጣት የሚመለከተው ይህ ሁለተኛው ነው።